የቪያ ፕሬን ጠባይ ለመጠበቅ እኛን ማስወጣት አያስፈልግም

ይድረስ በድሮው ከተማ የንግድና የመኖሪያ ጉዳይ ለምትወስኑ ክቡራን የቢሮ ኃላፊዎች፣ እንዲሁም ለጄኖቫ ሕዝብ

ጉዳዩ፦ በቪያ ፕሬ ሱቆችና ቤቶች ላይ ስለወጣው አዲስ መመሪያ

ክቡራን፣

እኛ በቪያ ፕሬና ከሱ በሚገነጠሉት ካሩጂ በሚባሉት ጠባብ መንገዶች ውስጥ የምንኖር፣ የምንሠራ፣ ልጅ የምናሳድግ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ነን። ብዙ አይደለንም። ሴኔጋሎቹም ሞሮኮዎቹም ባንግላዴሾቹም ኢኳዶሮቹም በቁጥር ይበልጡናል፣ እነሱም የየራሳቸውን ቅሬታ እያዘጋጁ ነው፣ እኛ ለብቻ የጻፍነው የራሳችንን ጉዳይ በራሳችን አፍ መናገር ስለፈለግን ነው። ጣሊያንኛውን ለቢሯችሁ አስገብተናል። ይሄ አማርኛው ነው፣ ሚላኖም ቦሎኛም ሮማም ያሉ ወገኖቻችን አንብበው ምን ላይ እንደቆምን እንዲያውቁ ብለን ነው አደባባይ ያወጣነው። ዓመተ ምህረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።

ሰሞኑን በየበሩ የተለጠፈው ወረቀት የጎዳናውን የድሮ ጠባይ መመለስ ነው ዓላማችን ይላል። ከዛ ዝርዝር ይመጣል፣ አዲስ የውጭ ሸቀጥ ሱቅ አይከፈትም፣ አዲስ የገንዘብ መላኪያና የስልክ ቤት አይከፈትም፣ አዲስ ፀጉር ቤት አይከፈትም፣ ያሉትም ማታ በጊዜ ይዘጋሉ፣ ባለቤት ከቀየሩ ደግሞ ፈቃዱ አብሮ ይቀራል። ሕግ እንዳላችሁ እናውቃለን። የ2016ቱ የጣሊያን ድንጋጌ ቁጥር 222 ኮሙኔ፣ ማለት የከተማው አስተዳደር፣ ከክልሉ ጋር ተስማምቶ ታሪካዊ ዋጋ ባለው ሰፈር ውስጥ አንዳንድ የንግድ ዓይነት እንዲከለክል ወይም በልዩ ፈቃድ እንዲያደርግ ይፈቅዳል። ሕጉን አንቃወምም፣ ቅርስ መጠበቁንም አንቃወምም፣ የላሊበላንና የጎንደርን ድንጋይ ከልጅነታችን ጀምሮ ስናከብር ያደግን ሰዎች ነን። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ ልትመልሱት የምትፈልጉት የትኛውን ጠባይ ነው? ምክንያቱም የዚህን መንገድ ታሪክ ከሥሩ ብታነቡት እኛን የሚመስል ሰው ያልነበረበት ዘመን አታገኙም።

በኛ በኩል እንጀምር፣ ከኮሜንዳ። ከፕሪንቺፔ ባቡር ጣቢያ ወርዶ ወደ ፕሬ የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን የድንጋይ ሕንጻ ነው። በ1180 ነው የተሠራው፣ የሠሩትም የቅዱስ ዮሐንስ ማኅበር ወንድሞች ናቸው፣ ዓላማው ደግሞ ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄድ ተሳላሚ መርከብ እስኪያገኝ የሚያርፍበት፣ የታመመም የሚታከምበት ቤት እንዲሆን ነው። ማለት ከጎዳናው ጋር አብሮ የኖረው ትልቁ ሕንጻ የባላባት ቤት አይደለም፣ የእንግዳ ማረፊያ ነው። ፕሬ ራሱ ያኔ ከከተማው ውጭ ነበር። ባርባሮሳ የሚባለውን የጀርመን ንጉሠ ነገሥት ፈርተው ከ1155 ጀምሮ የገነቡት ግንብ በሩ ፖርታ ዴይ ቫካ ላይ ነው የሚያልቀው፣ ዛሬም ሁለቱ ማማዎች ቆመዋል፣ ከነሱ ወዲያ ያለው ቪያ ዴል ካምፖ ውስጥ ነበር፣ ከነሱ ወዲህ ያለው የኛ ፕሬ ውጭ ነበር። ከምዕራብ በእግሩ የመጣ፣ ከመርከብ የወረደ፣ በሩ ሳይከፈትለት የመሸበት ሁሉ እዚህ ነው የሚያድረው። የመንገዱ ሥራ ከመጀመሪያውም ይሄ ነበር።

ከፕሬ በላይ ደግሞ ቪያ ባልቢ አለ፣ የፓላዞዎቹ ጎዳና። ዩኔስኮ በ2006 የጄኖቫን አዳዲስ ጎዳናዎችና የሮሊ ፓላዞዎችን ሲመዘግብ 42 ሕንጻ ነው የመዘገበው፣ ሁላችንም ደስ ብሎናል፣ ልጆቻችን በትምህርት ቤት ሄደው አይተውታል። ግን ሮሊ ምን እንደነበረ የማታውቁት አይመስለንም። በ1576 የሪፐብሊኳ ሴኔት መዝገብ አዘጋጀ፣ መዝገቡ ላይ የገባ ቤት ሁሉ የመንግሥት እንግዳ ሲመጣ ተቀብሎ የማሳደር ግዴታ አለበት፣ ለንጉሥ የሚመጥነው ቤት ለብቻ፣ ለአምባሳደር የሚመጥነው ለብቻ ተለይቶ። ዓለም ቅርስ ብሎ ያከበረላችሁ እኮ ሕንጻውን ብቻ አይደለም፣ ከተማው እንግዳ የሚቀበልበትን ሥርዓትም ጭምር ነው። ከላይ በባልቢ ንጉሥ ይስተናገዳል፣ ከታች በፕሬ ተሳላሚና ባሕረኛ ይስተናገዳል፣ አንዱ ያለ ሌላው ጄኖቫን አይሠራም። አሁን የላይኛውን በወርቅ ፊደል ጽፋችሁ የታችኛውን ነውር ስታደርጉት ነው ያልገባን።

የቅርቡንም እንጨምር። ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ ፕሬ የኮንትሮባንድ ገበያ ነበር፣ የአሜሪካ ሲጋራ ምናምን፣ በእድሜ የገፉ ጎረቤቶቻችን አሁንም ይተርኩልናል። ከዛ ከደቡብ ጣሊያን፣ ከካላብሪያና ከሲሲሊ፣ ለብረታ ብረቱና ለወደቡ ሥራ የመጣው ሕዝብ ገባበት። ከዛ ከሰሜን አፍሪካ፣ ከዛ ሴኔጋል፣ ከዛ ደቡብ አሜሪካ፣ ከዛ እኛ። ማንም ከሰማይ አልወረደም። ርካሽ ክፍል ያለው ለጣቢያውም ለወደቡም ቅርብ የሆነ ሰፈር ይሄ ስለሆነ ነው።

በ2022 ኮሜንዳው ውስጥ የጣሊያን ስደት ብሔራዊ ሙዚየም ተከፈተ። ብዙዎቻችን ገብተን አይተነዋል። ከዚህ ወደብ ወደ ቦነስ አይረስና ኒውዮርክ የሄዱትን ሰዎች ሕይወት ነው የሚያሳየው፣ ሻንጣቸውን፣ ደብዳቤያቸውን፣ ወረፋቸውን፣ የደረሰባቸውን ንቀት። ጥሩ ሙዚየም ነው፣ ከልባችን ነው የምንለው፣ ከኛ አንዷ አይታው ስትወጣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ቦነስ አይረስ ላ ቦካ የሚባለውን ሰፈር ያቀኑት ጄኖቫዎች ናቸው፣ የቦካ ጁኒየርስ ደጋፊዎች እስከዛሬ በጄኖቫ ሰው ስም ነው የሚጠሩት፣ እዛ ሰፈሩን ቆርቆሮውን ቀለም ቀብተው የራሳቸው አደረጉት፣ ዛሬ ቱሪስት ሊያየው ይሄዳል። ያ ሁሉ የሚተረክበት ሙዚየም በር ላይ ነው እንግዲህ የናንተ ወረቀት የተለጠፈው፣ በሱ በር የሚያልፉትን የዛሬ ስደተኞች የሚመለከት ወረቀት።

አሁን ወደ ቅሬታዎቻችን እንግባ።

አንደኛ የፈቃዱ ነገር። አንዲት እህታችን ፕሬ መሃል ላይ ትንሽ ሱቅ አላት፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ የጤፍ ዱቄት፣ ጥሬ ቡና፣ ጀበና፣ ሲኒ፣ ለጥምቀትና ለፋሲካ ነጠላ ታስመጣለች። ለኛ ሱቅ ብቻ አይደለችም። አዲስ የመጣ ልጅ ስልኩ ቢዘጋበት እዛ ነው የሚጠይቀው፣ ወረቀት ማስተርጎም የፈለገ እዛ ነው የሚሄደው፣ ሰው ሲሞት የለቅሶ መዋጮ የሚሰበሰበው እዛ ነው። ጉልበቷን ስለታመመች ሱቁን እዚሁ ጄኖቫ ለተወለደች፣ ሒሳብ አያያዝ ለተማረች ልጇ ማስተላለፍ ፈለገች። መስኮቱ ላይ የተሰጣት መልስ ስም ከተቀየረ እንደ አዲስ ነው የሚቆጠረው፣ አዲስ ደግሞ አይፈቀድም የሚል ነው። እናቲቱ ልትሠራ አትችልም፣ ልጅቷ ልትሠራ አይፈቀድላትም፣ እና ሱቁ ይሞታል ማለት ነው። በዛው ሳምንት ከጎኗ የተዘጋው ቤት ተከፈተ፣ የላንቴርናው መብራት ቤት ምስል ያለበት ማግኔትና ከሩቅ ሀገር የመጣ ፕላስቲክ ለመርከብ ቱሪስት የሚሸጥ። እሱ የጎዳናውን የድሮ ጠባይ ያስጠብቃል? ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የቅመም ሱቅ በዚህ ወደብ ከተማ ውስጥ አዲስ ነገር ነው? ጄኖቫ እኮ ቁንዶ በርበሬና ቅመም ነግዳ ነው ጄኖቫ የሆነችው።

ሁለተኛው የሰዓቱ ጉዳይ ነው። ከኛ ሴቶች ብዙዎቹ ባዳንቴ ናቸው፣ በየቤቱ የእናንተን አባትና እናት የሚያጥቡ፣ የሚያጎርሱ፣ ሌሊት የሚጠብቁ። እረፍታቸው ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነው፣ ሌላው ቀን የሚለቀቁት አዛውንቱ እራት በልተው ሲተኙ ነው። ወንዶቹ መርከብ ያጸዳሉ፣ ሆቴል ወጥ ቤት ሰሃን ያጥባሉ፣ መጋዘን ውስጥ ይሠራሉ። ማታ ወጥተው ዳቦና ወተት የሚገዙበት፣ ሀገር ቤት ላለች እናት ገንዘብ የሚልኩበት ሱቅ በጊዜ ዝጋ ከተባለ ለማን ነው ክፍት የሚሆነው? ወደ ቱኒስና ወደ ታንጀር የሚሄደው ፌሪ ተሳፋሪም መኪናውን ጭኖ ከመሳፈሩ በፊት እዚህ ነው የሚገዛው፣ የፕሬ ግማሽ ንግድ በሱ ነው የሚንቀሳቀሰው። ደግሞ አንድ ነገር ከልብ አድምጡን፣ ሱቅ ሲዘጋ መብራቱም ይጠፋል። መብራት ያለበት ሱቅ ፊት ለፊት ዕፅ የሚሸጥ ልጅ አይቆምም፣ ባለሱቁ ያየዋል፣ ይናገረዋል። ሳራቺኔስካው፣ የሱቁ የብረት መዝጊያ፣ ከወረደ በኋላ ግን መንገዱ የሱ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ዕፁ በግልጽ እንናገር፣ ምክንያቱም ስንሸሸው ሌላ ይመስላል። አዎ፣ ቪያ ፕሬ ላይ ዕፅ ይሸጣል። አዎ፣ ሰው ይሰረቃል፣ ሴት ልጅ ማታ ስትገባ ትፈራለች። የምንፈራው ግን እኛ ነን፣ ልጆቻችን ናቸው በመርፌ ላይ ዘለው ትምህርት ቤት የሚሄዱት። ስንቴ ለፖሊስ ደውለናል። ሲመጡ የሚጠየቀው ሻጩ ሳይሆን ጥቁሩ ነው። የአንዱ ጓደኛችን ልጅ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፣ ከኳስ ልምምድ ሲመለስ ጫማውን በእጁ እንደያዘ ግድግዳ ላይ አስደግፈው ፈተሹት፣ የወረቀት ጥያቄ፣ የት ነው የምትኖር፣ ፕሬ ነው ሲላቸው ተሳሳቁበት። ልጁ ከዛ ቀን ወዲህ የሚኖርበትን ሰፈር ስም አይናገርም። እናንተ ስለ ጎዳናው ጠባይ ስትጽፉ ይሄን ልጅ አስቡት፣ በሚኖርበት መንገድ እንዲያፍር አድርጋችሁት ነገ ማን ነው መንገዱን የሚጠብቅላችሁ?

ሌላው ስብሰባው ነው። የነዋሪ ሐሳብ ሰምተናል ትላላችሁ። ስብሰባው የተጠራው በሥራ ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ነው፣ ማስታወቂያው ሦስት ገጽ የሕግ ጣሊያንኛ ነው፣ እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን ራሳቸው ሁለት ጊዜ ሳያነቡ አልገባቸውም። ከኛ ማንም አልሄደም፣ ሊሄድም አይችልም ነበር። የሄዱት የሕንጻ ባለቤቶችና ሁለት ሦስት ጡረተኞች ናቸው፣ ከጡረተኞቹ አንዷ ናት እኮ የነገረችን። እሷን ኖና፣ ማለት አያት፣ ነው የምንላት፣ አምስተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው፣ ሊፍት የለም፣ ዕቃዋን የኛ ልጆች ናቸው የሚያወጡላት። እሷ ተነስታ እነዚህ ልጆች ከሄዱ ወተቴን ማን ያወጣልኛል ብላ ጠየቀች አሉ። ቃለ ጉባኤው ላይ አልተጻፈም።

ስለ ቤቶቹ ደግሞ ብዙ ማለት ይቻላል፣ ዋና ዋናውን ብቻ። የፕሬ ቤት ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው፣ ስድስት ሰባት ፎቅ፣ ታችኛዎቹ ፀሐይ አያዩም፣ ግድግዳው ያልባል፣ ክረምት ላይ ሻጋታው ልጆቹን ሳል በሳል ያደርጋቸዋል። ይሄን ለዓመታት ተሸክመን ኖረናል፣ ኪራዩ ርካሽ ስለሆነ። አሁን ግን የመርከብ ቱሪስት በዛ፣ ስታዚዮኔ ማሪቲማ የሚባለው የመርከብ ጣቢያ ቅርብ ነው፣ ከ1930 ጀምሮ ስደተኛ ይሳፈርበት የነበረው ያው ወደብ ላይ አሁን ትልልቅ ክሩዝ ይቆማል፣ እና ባለቤቶቹ ቤቱን ለሌሊት እንግዳ ማከራየት ይሻላል አሉ። በየበሩ ላይ ትንንሽ የቁልፍ ሳጥን ተሰቅሏል፣ በአንድ መግቢያ ላይ አራት አምስት የምታዩበት አለ። የ1998ቱ የኪራይ ሕግ 4 ዓመት ሲደመር 4 ዓመት ይላል፣ ባለቤቱ የመጀመሪያው 4 ዓመት ሲያልቅ ያለ በቂ ምክንያት አላድስም ማለት አይችልም። ግን ከኛ ስንቱ ነው የተመዘገበ ውል ያለው? ብዙውን ጊዜ ባለቤቱ ራሱ ነው ግብር ሽሽት አላስመዘግብም የሚለው። ውል ከሌለ ሬዚደንሳ፣ የነዋሪነት ምዝገባው፣ የለም፣ ሬዚደንሳ ከሌለ የፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ እድሳት ይንጓተታል፣ ፔርሜሶ ካልታደሰ አሠሪው ይፈራል። አንድ ወንድማችን፣ ባለ ሁለት ልጅ፣ በቃል ብቻ ከኖረበት ቤት ውጣ ሲባል በአንድ ወር ውስጥ ሦስቱንም አጣ፣ ቤቱን፣ ሥራውን፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት። አሁን ቤተሰቡ በሁለት ከተማ ተከፍሎ ነው የሚኖረው። መመሪያችሁ ስለ ሱቅ ሰሌዳ ቀለምና ስለ ፊደሉ መጠን አንድ ሙሉ ገጽ ጽፏል፣ ስለ ቁልፍ ሳጥኑ አንድ መስመር የለውም።

ስለ ጥገናም እንዲሁ። የመንገዱ ማዕዘን ላይ ያሉት የማርያም ምስሎች፣ ያ የጄኖቫ ልማድ፣ ለኛ ለኦርቶዶክሶቹ ልዩ ትርጉም አላቸው፣ እናቶቻችን ሲያልፉ ይሳለማሉ። ከነሱ አንዷ ፊት ለፊት የመንገድ መብራቱ ከጠፋ ቆየ፣ ሪፖርት ተደርጓል፣ መልስ የለም። ከላይ የሚወድቀው ልስን ከሥሩ መረብ ታስሮለት እንደቀረ ቀረ። ቆሻሻው የሚሰበሰበው ከላይ ካሉት ጎዳናዎች በኋላ ነው፣ በሐምሌ ሙቀት ያ ምን እንደሚሸት ቢሯችሁን ከዛ አቅርባችሁ ብታዩት ነበር። ከዛ ጋዜጣ ይመጣና ፎቶ ያነሳል፣ የቆሻሻ ፎቶ፣ ከጀርባው የኛ ሰሌዳ። ዘንድሮ ያጸዳነው እኛ ነን፣ በመጥረጊያና በባልዲ፣ ከሴኔጋሎቹ ጋር ሆነን፣ እሱን ግን ፎቶ ያነሳው የለም።

አሁን የምንለው ነገር ከመመሪያው ትንሽ ወጣ ይላል፣ ግን የልባችን ነው። ወረቀቱ በተደጋጋሚ ስለ ባዕድ ነገር ያወራል፣ ከከተማው ታሪክ ጋር የማይገናኝ እያለ። እኛ ከጄኖቫ ታሪክ ጋር ካልተገናኘን ማን ተገናኘ? በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ወደ 30 የሚሆኑ የኢትዮጵያ ንጉሥ መልእክተኞች አውሮፓ መጥተው ሲመለሱ የሚመች ንፋስ እስኪነሳ የጠበቁት እዚህ ጄኖቫ ነው። የወደቡ የሳን ማርኮ ቤተ ክርስቲያን አለቃ የነበረው ጆቫኒ ዳ ካሪኛኖ፣ ካርታ ሠሪም ነበር፣ አግኝቷቸው ስለ ሀገራቸውና ስለ እምነታቸው ጠየቃቸው፣ ጻፈውም። ጽሑፉ ራሱ ጠፍቶ ፍሬ ነገሩ በሌላ የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ነው የተረፈው። ቤተ ክርስቲያኑ ግን አለ፣ ሞሎ ሰፈር፣ ከፕሬ በእግር የሚደረስ። አባቶቻችን ከ700 ዓመት በፊት በዚህ ወደብ ላይ በክብር ተጠይቀው መልስ ሰጥተዋል፣ እኛ ልጆቻቸው ግን ሐሳባችንን የሚጠይቀን አጣን።

ከሳን ማርኮ ወደ ፕሬ ስትመጡ ፒያሳ ካሪካሜንቶ ላይ የራፋኤሌ ሩባቲኖ ሐውልት ቆሟል። ትልቅ የመርከብ ባለሀብት ነው፣ ጣሊያንን አንድ ለማድረግ የተዋጋው ጋሪባልዲ በ1860 ሺህ ገደማ በጎ ፈቃደኛ ተዋጊዎቹን ይዞ የሄደባቸው ሁለት መርከቦች የሱ ኩባንያ ነበሩ፣ ይሄን ሁሉም ጣሊያናዊ ይማረዋል። በ1869 አሰብ ላይ መሬት የተገዛው ደግሞ ለዛው ኩባንያ ነው፣ በ1882 የጣሊያን መንግሥት ወሰደው፣ በ1885 ምጽዋ ተያዘ፣ ከዛ እስከ ዓድዋ፣ ከዛም እስከ ፋሺስት ወረራ የመጣው ሁሉ መጣ። የዚህ መንገድ መነሻ ጄኖቫ ናት። ልጆቻችን በየቀኑ በሐውልቱ ሥር ነው ኳስ የሚጫወቱት፣ እና የዛሬ መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ የጄኖቫ መርከብ ቀይ ባሕር ላይ ሲደርስ ፈቃድ ጠይቆ ነበር ወይ ብሎ አንዱ ልጅ ቢጠይቀን ምን እንመልስለት? ቂም ይዘን አይደለም የምንጽፈው። ግን ከከተማው ታሪክ ጋር አትገናኙም የሚለውን ቃል አንቀበልም፣ ከወረቀቱ እንዲወጣም እንፈልጋለን።

ፕሬ ላይ የሚሠራ አንድ የፋሪናታ፣ ማለት የሽምብራ ቂጣ፣ ጋጋሪ አለ፣ ሽማግሌ ነው፣ አባቱም እዛው ነበሩ። የሽምብራ ዱቄቱን በውኃ በጥብጦ በዘይት እሳት ላይ ሲያሳርፈው ሽሮ የሚበላ ሕዝብ ወዲያው ይገባዋል፣ ለዚህ ነው የኛ ሰው ሁሉ የሱ ደንበኛ የሆነው። መመሪያችሁ እሱን ይጠብቃል፣ ደስ ይለናል፣ ይገባዋልም። እሱ ራሱ ግን ፊርማችንን ሊፈርም መጣ፣ የናንተ ሰው ካልበላ እኔ ለማን ነው የምጋግረው አለ። የፕሬ ሱቆች እንዲህ ተደጋግፈው ነው የቆሙት፣ አንዱን ነቅላችሁ ሌላውን ለብቻው ማቆም አይቻልም።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

የፈቃድ ማስተላለፍ እንደ አዲስ ፈቃድ መቆጠሩ ይቅር፣ በተለይ ከወላጅ ወደ ልጅ፣ ወይም ሱቁ ውስጥ ለዓመታት ወደሠራ ሰው ሲሆን። የእህታችን ጉዳይ ሱቋ ከመዘጋቱ በፊት እንደገና ይታይ።

የመዝጊያ ሰዓቱ አልኮል የማይሸጡ ሱቆችን አይመልከት። አልኮሉን በጊዜ ማቆም ከፈለጋችሁ አቁሙ፣ አብረን እንቆማለን፣ ብዙዎቻችን ከናንተ በፊት ስንጠይቅ የነበረው ነው።

መመሪያው በሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ሁለተኛ ስብሰባ ይጠራ፣ እሑድ ወይም ሐሙስ ከሰዓት፣ እዛው ሰፈሩ ውስጥ፣ ከተቻለ ኮሜንዳው አዳራሽ ውስጥ። ወረቀቱም በቀላል ጣሊያንኛና በሰፈሩ ቋንቋዎች ይበተን፣ አማርኛውንና ትግርኛውን ያለ ክፍያ እኛ እንተረጉማለን።

የአጭር ጊዜ ኪራይ ቤት በአንድ መግቢያ ስንት መሆን እንዳለበት ይወሰን፣ ያልተመዘገበ ውል ይዞ የሚያከራይ ባለቤት ደግሞ ይመርመር፣ ተከራዩ ሳይሆን።

የጠፉት መብራቶች ይብሩ፣ የሚወድቀው ልስን ይጠገን፣ ቆሻሻ ከላይኛው ጎዳና እኩል ይሰብሰብ። ለዚህ አዲስ መመሪያ አያስፈልግም፣ ሥራ ብቻ ነው።

በምሽት የሚመደቡት ጠባቂዎች ሰፈሩን የሚያውቁ፣ በየወሩ ከነዋሪ ጋር የሚነጋገሩ ይሁኑ፣ ልጆቻችንን በቆዳቸው ሳይሆን ባደረጉት ብቻ ይጠይቁ።

በካሪካሜንቶው ሐውልት ሥር ስለ አሰብ፣ በሳን ማርኮ ደግሞ ስለ ኢትዮጵያውያኑ መልእክተኞች የሚናገር ትንሽ ጽሑፍ ይቀመጥ። ወጪውን ለመጋራት ዝግጁ ነን፣ ዕድራችን ተነጋግሮበታል።

ለዚህ ደብዳቤ በጽሑፍ መልስ እንጠብቃለን። መልሱ እስኪመጣ እህታችን ሱቋን አትዘጋም፣ እኛም ከጎኗ ነን።

ከአክብሮት ጋር፣

በቪያ ፕሬና አካባቢው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን የዕድር ጸሐፊ፣ የሁለት ልጆች እናትና የባዳንቴ ሠራተኛ

በነዋሪዎቹ፣ በባለሱቆቹና በፈራሚ ጎረቤቶች ስም

ቪያ ፕሬ፣ ጄኖቫ